ያልተጻፈውን አላውቅም

በምርመራ ኮዶች መጽሐፍ ላይ ሲ20 እና ሲ21 ተከታትለው ይመጣሉ። ሲ20 የሬክተም ካንሰር ነው፤ ሬክተም የሚባለው የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ነው። ሲ21 የፊንጢጣና የፊንጢጣ ቦይ ካንሰር ነው። በሰውነት ላይም ጎረቤታሞች ናቸው። የፊንጢጣ ቦይ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእሱ በላይ ሬክተም ይጀምራል። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ለሬክተም ካንሰር ዋናው መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። የፊንጢጣ ቦይ ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በኬሞና በጨረር ብቻ ይድናል።

እኔ ቀኑን የምውለው እንዲህ ባሉ ቁጥሮች መሃል ነው። የሕክምና ኮደር ነኝ። ሐኪሙ የጻፈውን አነባለሁ፣ የፓቶሎጂውን፣ ማለትም የናሙና ሥጋውን ምርመራ ውጤት አነባለሁ፣ የኤም አር አዩን ሪፖርት አነባለሁ፤ ከዚያ ሁሉንም ወደ ኮድ እቀይራለሁ። ታካሚውን አላየውም፣ ድምፁንም አልሰማም። ሰዎች ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ “የቢሮ ሥራ ነው” ብዬ አልፈዋለሁ። ማስረዳቱ ይረዝማላ። ዛሬ ላርዝመው።

የካንሰር ፋይሎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የጡት ካንሰር ፋይል ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። የትኛው ጡት፣ በየትኛው በኩል፣ ስንት ሴንቲ ሜትር፣ ለሆርሞን ምላሽ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም፤ ሁሉም ተጽፏል። የፊንጢጣ ካንሰር ፋይል ላይ ግን አጻጻፉ በድንገት ይሸሻል። “ከታች በኩል ያለ እብጠት።” “የመቀመጫ አካባቢ ቁስል።” “አኖሬክታል ማስ።” ሐኪሙ ያየውን ያውቃል። ታካሚውም የሚያመውን ያውቃል። ወረቀቱ ላይ የደረሰው ግን ሁለቱም ሳያፍሩ የሚሉት ጨዋ ቃል ብቻ ነው።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባላል። እኔ ጋ በሚደርሰው ወረቀት ላይ ግን ደባቂው ታካሚው ብቻ አይደለም። ካርዱን የከፈተው፣ የመረመረው፣ ናሙናውን የላከው፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ደብቀዋል። ክፋት የለበትም። ጥድፊያና ይሉኝታ ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ነው።

የኮዲንግ የመጀመሪያው ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው። የተጻፈውን ብቻ ነው ኮድ የምሰጠው። ገመትኩ፣ መሰለኝ፣ ከልምዴ አውቀዋለሁ አይሠራም። “አኖሬክታል” ተብሎ ከተጻፈ ያለኝ አንድ ቦታ ነው፤ ሲ21.8። ይህ ኮድ ሬክተሙንም ፊንጢጣውንም ያዳረሰ፣ ከየት እንደ ተነሳ መለየት ያልተቻለ ዕጢ የሚቀመጥበት ነው። ለእውነተኛ ድንበር ተሻጋሪ ዕጢ የተሠራ ኮድ ነው። በተግባር ግን “ማን ይለካዋል” ያለ ሰው ጽሑፍ ሁሉ የሚወድቅበት ቅርጫት ሆኗል።

ሌሎቹ አማራጮችም ጥቂት ናቸው። ሲ21.0 ፊንጢጣ ነው፣ ዝርዝሩ ያልተገለጸ። ሲ21.1 የፊንጢጣ ቦይ ነው። ሲ21.2 ደግሞ ክሎአኮጀኒክ ዞን የሚባል ነው። ይሄኛው ገራሚ ነው። የሬክተሙ ሽፋንና የቦዩ ሽፋን የሚገናኙበትን ጠባብ ቀለበት ያመለክታል። ስሙ የመጣው ፅንስ ገና በማህፀን ሳለ የሽንቱና የሰገራው መውጫ አንድ ከሆነበት ጊዜ ነው። ድሮ ፓቶሎጂስቶች ከዚህ የሚነሳውን ካንሰር በራሱ ስም ይጠሩት ነበር። አሁን ከስኳመስ ሴል ካርሲኖማ (ከጠፍጣፋ የሽፋን ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ዓይነቶች እንደ አንዱ ነው የሚያዩት። ስሙን ከጻፉ ቆይተዋል፣ ኮዱ ግን አለ። የኮድ መጽሐፍ ማንንም ጡረታ ማስወጣት አይወድም።

ከቦዩ አፍ ውጭ ያለው ቆዳ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የአካባቢው ቆዳ ካንሰር ከሲ21 ወጥቶ ከቆዳ ካንሰሮች ጋር ሲ44.5 ውስጥ ይገባል። የኮድ መጽሐፉ አይ ሲ ዲ 10 ይባላል፤ በአሜሪካኑ ቅጂው ስኳመስ ሴል ከሆነ ሲ44.520 ነው። ሜላኖማ (የቆዳን ቀለም ከሚሠሩ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ከሆነ ወደ ሲ43.5 ይሄዳል። የሚያስቀው፣ ሐኪሞች የካንሰሩን ደረጃ ሲያወጡ ከመውጫው ጠርዝ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን የቆዳ ስኳመስ ሴል ከፊንጢጣ ካንሰር ጋር አንድ ላይ ነው የሚመዝኑት። በደረጃ ሠንጠረዡ አንድ ቤት፣ በኮዱ ሁለት ቤት። ስለዚህ “የፊንጢጣ ካንሰር፣ ቲ1” የሚል ማስታወሻ ቢደርሰኝ ዕጢው 2 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች መሆኑን አውቃለሁ። ከጠርዙ ውስጥ ይሁን ውጭ ግን አላውቅም።

ውስጥም ሆነ ውጭ ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ይኖራል። ወደ 1974 ልመለስ። ከዚያ በፊት የፊንጢጣ ቦይ ካንሰር የተገኘበት ሰው ፊንጢጣውም ሬክተሙም ተቆርጦ ይወጣለት ነበር። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳና ከረጢት ይጸዳዳል። አሜሪካ፣ ዲትሮይት ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ኖርማን ኒግሮ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዕጢውን ለማሳነስ ብሎ ኬሞና መጠነኛ ጨረር አብሮ ሰጠ። በ1974 ያወጣው ጽሑፍ የሦስት ታካሚዎችን ታሪክ ብቻ የያዘ ነው። ሁለቱ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። በወጣው ሥጋ ላይ ካንሰር ተፈልጎ አልተገኘም። ሦስተኛው ቀዶ ሕክምናውን አልፈልግም አለ፤ እሱም ካንሰሩ አልተመለሰበትም። የቀዶ ሐኪም ጽሑፍ ቀዶ ሕክምናን ከመጀመሪያ ምርጫነት አወረደ። ዛሬም መደበኛው መንገድ የዚያ ልጅ ነው፤ ፍሎሮዩራሲልና ማይቶማይሲን የተባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ከጨረር ጋር።

አሁን ይህን መድኃኒት ሲ20 ባለው ፋይል ላይ አስቡት። ለሬክተም ካንሰር ማይቶማይሲን የተለመደ አይደለም። ክፍያውን የሚያጣራው ክፍል ትእዛዙንና ኮዱን ያስተያያል፣ አልገጠመለትም፣ ይመልሰዋል። ሐኪሙ ትክክል ነው። መድኃኒቱም ትክክል ነው። የተሳሳተው አንድ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩም የተሳሳተው ከወራት በፊት አንድ ሰው የናሙና ብልቃጥ ላይ “ሬክታል ባዮፕሲ” (ከሬክተም የተቆረጠ ናሙና) ብሎ ስለ ለጠፈ ነው።

ይቺ የብልቃጥ ጽሑፍ ብዙ ታደርጋለች። ፋይሉ ካልጠራኝ ሐኪሙን በጽሑፍ እጠይቃለሁ። መልሱን አፉ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድልኝም። “ይህ የፊንጢጣ ቦይ ካንሰር ነው፣ አይደለም እንዴ?” ብዬ ብጽፍ ጥያቄው ውድቅ ነው። የምጽፈው እንዲህ ነው፦ “ዶክተር፣ የምርመራ ማስታወሻዎ ዕጢው ከጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚጀምር ይገልጻል። ፓቶሎጂው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ይላል። ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የተጻፈው ማጠቃለያ ደግሞ የሬክተም ካንሰር ይላል። እባክዎ ካንሰሩ የተነሳበትን ቦታ ይግለጹልን፦ ሬክተም፣ የፊንጢጣ ቦይ፣ በዙሪያው ያለ ቆዳ፣ ሌላ፣ ወይም ሊወሰን የማይችል።”

ብዙ ጊዜ የሚመለሰው “ፓቶሎጂውን ይመልከቱ” ነው።

ተመልክቼዋለሁ እኮ። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሴሉን ነው። ሥጋው ከየት እንደ ተቆረጠ የሚያውቀው ናሙናውን የላከው ሰው በጻፈለት ልክ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ወደ ፓቶሎጂው ይጠቁማል፣ ፓቶሎጂው ወደ ብልቃጡ ይጠቁማል፣ ብልቃጡ ላይ ደግሞ ያ ቃል ተለጥፏል። እኔ ስኳመስ ሴል የሚለውን ሳይ ቅንድቤ ይነሳል፤ የሬክተም ካንሰር አብዛኛው አዴኖካርሲኖማ (ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ነው፣ ስኳመስ ሴል እዚያ ብርቅ ነው። ግን ቅንድብ ኮድ የለውም። መልሱ እስኪመጣ ፋይሉ ይቀመጣል።

የቦታ ነገር ከተነሳ የሰዓቱንም ላንሳ። ሐኪሞች የዕጢውን ቦታ እንደ ሰዓት መቁጠር ይወዳሉ፤ “በ3 ሰዓት አቅጣጫ” ይላሉ። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ነው፣ በጎኑ ነው ወይስ በሆዱ? በሆዱ ያለን ሰው እንዳለ ካነበቡት በጀርባው ሲተኛ 12 ሰዓት ላይ የነበረው 6 ሰዓት ላይ ይገኛል። ፊት ለፊት፣ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ ብሎ መጻፍ ይሻላል። ለእኔ ኮድ ባይለውጥም ጨረር የሚያቅደው ሰው ያመሰግናል።

“ይመስላል” የምትለው ቃልም ጣጣ አላት። በአሜሪካኑ ደንብ በተመላላሽ ሕክምና “ካንሰር ይመስላል” ወይም “ይጠረጠራል” ከተባለ ካንሰር ብዬ ኮድ መስጠት አልችልም። ምልክቱን ነው የምጽፈው፤ መድማቱን፣ ሕመሙን፣ እብጠቱን። ይህን ሕግ እወደዋለሁ። አንዴ የካንሰር ኮድ የገባበት ፋይል በቀላሉ አይጠራም። ጥርጣሬው ውሃ በልቶት ከቀረ በኋላ እንኳ ቁጥሩ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየተቀዳ ይኖራል።

በሌላ በኩል ያው ሕግ የሚያሳዝን ፋይል ይሠራል። ኮዶቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሳነብ ታሪኩ ቁልጭ ይላል። ሲ21.1 አለ። ከእሱ በፊት ኬ62.5፣ የፊንጢጣ መድማት። ከእሱ በፊት ኬ64.9፣ ኪንታሮት። ከእሱም በፊት ኪንታሮት። ኪንታሮት በሰው ላይ የሞላ ነው፣ ይህ ካንሰር ደግሞ ብርቅ፤ ሐኪሙ ወደሚያዘወትረው ቢሄድ አይገርምም። እኔን የሚያብከነክነኝ ከኪንታሮቱ ሥር ያለው ማስታወሻ ነው። “በጣት ተመርምሯል” የሚል አንድ መስመር እፈልጋለሁ፣ አጣለሁ። ታካሚው አፍሮ እምቢ ብሎ ይሆናል። ሐኪሙ አፍሮ ሳይጠይቅ ቀርቶም ይሆናል። እምቢ ብሎ ከሆነ እንኳ “እምቢ ብሏል” ተብሎ ቢጻፍ ቀጣዩ ሐኪም ከዚያ ይነሳ ነበር።

የቅድመ ካንሰሩ ኮድ ለብቻው ዓለም ነው። እዚያ ፍጥነቴ ይቀንሳል። በአሜሪካኑ ቅጂ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የሴል ለውጥ ኬ62.82 ነው፣ ሦስተኛው ዲ01.3 ነው። ኬ62.82 ከአንጀት በሽታዎች ጋር ይቆጠራል፣ ዲ01.3 ከዕጢዎች ጋር። ከ2012 ወዲህ ግን ፓቶሎጂስቶች ሦስቱን ደረጃ ትተው “ሎው ግሬድ” (ዝቅተኛ) እና “ሃይ ግሬድ” (ከፍተኛ) ማለት ጀምረዋል። ሁለተኛው ደረጃ ከየትኛው ወገን እንደሚሰለፍ ሁልጊዜ አይጻፍም። ደግሞም “ሃይ ግሬድ” የተባለው ከምን ላይ ነው? በስዋብ (በመጥረጊያ ዘንግ) ከተወሰደ ሴል ከሆነ ኮዱ አር85.613 ነው፤ የላብራቶሪ ግኝት እንጂ በሽታ አይባልም። ከባዮፕሲ ከሆነ ሌላ ምዕራፍ ነው። ሐኪሙ “ሃይ ግሬድ ተገኝቷል” ብሎ ይዘጋዋል። ከስዋብ ነው ከባዮፕሲ? እንደገና ጥያቄ እጽፋለሁ።

ይህ ድሮ የጥቂቶች ጉዳይ ነበር። በ2022 የታተመው አንከር የተባለው ጥናት ነገሩን ቀየረው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ፣ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ላይ ተሠራ። ሃይ ግሬዱ የታከመላቸው ሰዎች በክትትል ብቻ ከቆዩት ይልቅ ወደ ካንሰር የመሸጋገራቸው ዕድል በ57 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እንግዲህ ያቺ የቅድመ ካንሰር ኮድ ማን ሊጠራ፣ ማን ሊታከም እንደሚገባ የምትለይ ሆናለች። በአር እና በዲ መሃል ያለው ልዩነት ስልክ የሚደወልለትና የማይደወልለት ሰው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ካንሰሩን ስለሚያመጣው ቫይረስም ላንሳ። ከአሥር የፊንጢጣ ካንሰሮች ዘጠኙ ገደማ ከኤች ፒ ቪ (ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ) ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዓይነት 16 ነው። ይህን አውቃለሁ። ሆኖም ሐኪሙ “ከኤች ፒ ቪ ጋር የተያያዘ” ብሎ ካልጻፈ ቢ97.7 የሚለውን ተጨማሪ ኮድ መጨመር አልችልም። ፓቶሎጂው “ፒ16 ፖዘቲቭ” ቢልም ያው ነው፤ የቫይረሱን አሻራ አሳየ እንጂ ሐኪሙ ምርመራውን አልጻፈውም። ከፋይሎቹ ስንቱ ላይ ይህ ኮድ እንደሚጎድል እያየሁ ነው የማልፈው።

ለምን እንደማይጻፍ ደግሞ እገምታለሁ። ኤች ፒ ቪ ሲባል ወሲብ ይታሰባል። ፊንጢጣ ሲባል ደግሞ የሰው ሐሳብ አንድ ቦታ ብቻ ይሮጣል። እውነቱ ሌላ ነው። ኤች ፒ ቪ በጣም የተስፋፋ ቫይረስ ነው፤ ወሲብ የጀመረ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። በፊንጢጣ የሚደረግ ወሲብም አያስፈልገውም። በብዙ አገሮች በዚህ ካንሰር የሚያዙ ሴቶች ከወንዶች ይበልጣሉ፤ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር የነበረባት ሴት ተጋላጭነቷ ከፍ ይላል። ሲጋራ ማጨስም፣ የተለገሰ ኩላሊት ይዞ የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድም ያጋልጣሉ። እነዚህ ሁሉ የራሳቸው ኮድ አላቸው፣ ለሕክምናውም ይጠቅማሉ። እኔ ግን ፋይሎች ላይ ተገልብጦ ነው የማየው። የሰውዬው የወሲብ ታሪክ በአንድ አንቀጽ ተተንትኖ ማጨሱ አይጠቀስም። ለሕክምና የማይጠቅም ዝርዝር ያ ሰው በማያውቃቸው እጆች ሁሉ ያልፋል፤ በእኔም እጅ ጭምር። ይሄ ያናድደኛል።

ስሙን በአደባባይ የጠሩም አሉ። አሜሪካዊቷ ተዋናይ ፋራ ፎሴት በ2006 ታመመች፣ በ2009 አረፈች፤ ሕመሟን ካሜራ ፊት አስቀርጻዋለች። ሌላዋ ተዋናይ ማርሻ ክሮስ ከዳነች በኋላ በ2018 ይፋ አወጣች። ከእሷ በፊት ባለቤቷ የጉሮሮ ካንሰር ይዞት ነበር፤ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ኤች ፒ ቪ ሳይመጡ እንዳልቀሩ ሐኪሞች እንደነገሯቸው ተናግራለች። ሌላው ሰው ግን ለዘመዶቹ “የአንጀት ካንሰር ነው” ብሎ ይገላገላል። አልፈርድበትም። ለቤተሰቡ የሚነግረው የራሱ ጉዳይ ነው።

የሚገርመው ስታቲስቲክሱም እንደዚያው ማድረጉ ነው። ብዙ ሠንጠረዦች ከሲ18 እስከ ሲ21 ያለውን አንድ ላይ ጠቅልለው “የአንጀት ካንሰር” ይሉታል። በ2020 ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በዚያ ዓመት ከ1.9 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች ነበሩ፤ አጠገቡ “ፊንጢጣን ጨምሮ” የምትል ቅንፍ አለች። በዚያች ቅንፍ ውስጥ ወደ 50 ሺህ ሰው አለ። አብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ የሥጋ ዕድገት ይነሳል፤ አንጀቱ በኮሎኖስኮፒ (በካሜራ ባለ ቱቦ) ታይቶ ፖሊፑ ተቆርጦ ይወጣል። የፊንጢጣ ካንሰር አብዛኛው ከቫይረስ ይመጣል፤ አስቀድሞ የሚከላከል ክትባት አለ። ሁለት የተለያዩ መከላከያዎች ያሏቸውን በሽታዎች ጠቅልሎ የሚቆጥር ሠንጠረዥ ላይ ተመሥርቶ ክትባቱን ለማን እንስጥ ማለት ከባድ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ኮድ ግን ሲ21 አይደለም። ከዳኑ በኋላ ያለው ነው። ሌላ ካንሰር ሲወጣ የወጣበት ቀን አለ፤ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ማክሰኞ ይታወቃል። እዚህ ዕጢው ተቆርጦ አይወጣም፣ በጨረሩና በኬሞው ቀስ እያለ ይሟሽሻል። አክት ሁለት የተባለው የብሪታንያ ጥናት 940 ታካሚዎች ነበሩት። በ11ኛው ሳምንት ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ያልጠፋ ብዙዎች በ26ኛው ሳምንት ሲታዩ ጠፍቶላቸው ተገኝቷል። ቸኩሎ “አልዳነም” ብሎ መቁረጥ ያለ ምክንያት ከረጢት ማሸከም ነበር ማለት ነው። ለኮደር ደግሞ ጥያቄው ይህ ነው፦ በ11ኛውና በ26ኛው ሳምንት መሃል ያለው ሰው ካንሰር አለበት ወይስ ነበረበት?

ኮዱ ሁለት ብቻ ነው የሚያውቀው። ወይ ሲ21.1፣ አለበት። ወይ በአሜሪካኑ ቅጂ ዜድ85.048፣ ነበረበት። ሐኪሙ ደግሞ ዓመት ካለፈ በኋላም በየቀጠሮው “የፊንጢጣ ካንሰር፣ ለክትትል” ብሎ ይጽፋል። አለበት ይሁን ነበረበት አይናገርም። እንደ ተጻፈው ከሄድኩ ሰውየው በየስድስት ወሩ እንደ አዲስ ካንሰር አለበት።

በቅርቡ ከአንድ ታካሚ የመዝገብ ማስተካከያ ጥያቄ ደረሰን። ለኢንሹራንስ የተላከ ወረቀት ላይ ምርመራውን እንዳለ አይቶታል። “ሕክምናዬን ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ለምን አሁንም ካንሰር አለብህ ይለኛል?” ይላል። ትክክል ነው። እኔ ግን ቁጥሩን በራሴ ሥልጣን መለወጥ አልችልም። ወደ ሐኪሙ መልሼ ልኬዋለሁ፤ የበሽታውን የአሁን ሁኔታ እንዲገልጹልን ብቻ ጠይቄ፣ መልሱን ሳልጠቁም። የምጠብቀው አንድ መስመር ነው፤ ሕክምናው መቼ እንዳለቀ፣ በመጨረሻው ምርመራ በሽታው ታየ ወይስ አልታየም። “ሕክምናው ተጠናቋል፣ በሽታው አይታይም” ከተባለ ለክትትሉ ዜድ08 ይቀድማል፣ ዜድ85.048 ይከተላል፣ ሲ21.1 ይወጣል። መልሱ ገና አልመጣም።